የብሎን ልክ

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው አውራ ጎዳና 25 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ወለንጪቲ ይደርሳል፤ ከተማይቱንም መኻል ለመኻል ሰንጥቆ ያልፋል። ወለንጪቲ የቦሰት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከሰዓት በኋላ ከስምጥ ሸለቆው ሜዳ የሚነሣው ነፋስ የመንገዱን ዳር አቧራ አንሥቶ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ይበትነዋል። ነፋሱ አንዳንድ ቀን ያርፋል፤ የከባድ መኪናው ጉዞ ግን ቀንም ሌሊትም አያርፍም። አብዛኛው የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ በጅቡቲ ወደብ የሚተላለፍ በመሆኑ ወደ ባሕር የሚወርደው ቡና፣ ከባሕር የሚወጣው ብረትና ማዳበሪያ ብዙውን ጊዜ በዚህች ከተማ ደጃፍ ያልፋል። ስለዚህም የነዋሪው ኑሮ ግማሹ ከመንገዱ ላይ የሚለቀም ነው። አንዱ ሻይ ያፈላል፤ ሁለተኛው አልጋ ያከራያል፤ ሦስተኛው ጎማ ይለጥፋል።

ጎማ ከሚለጥፉት መካከል ስድሳውን የተሻገረ አንድ ሰው አለ። ሰፈርተኛው «አሥር አለቃ» ይለዋል። የጎሚስታ ቤቱ እንደ ሌሎቹ ሁሉ የቆርቆሮ ዳስ ነው፤ ከውጭ ያረጀ ጎማ ተተክሎ ምልክት ሆኖታል፤ ከውስጥ ክሪኩ፣ የንፋስ መሙያው፣ የጎማ ማውጫው ብረት፣ በየቁጥሩ የተደረደረው መፍቻ ይታያል። ከሌሎቹ የሚለየው በላይኛው መደርደሪያ ላይ ባለች ትንሽ የእንጨት ሣጥን ነው። በሣጥኗ ውስጥ በጥጥ ጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው እጀታው ላይ ቁጥር የተጻፈበት አጭር ካቻቢቴ ነው። ሁለተኛው ራሱ የተላጠ፣ ከገብስ ቅንጣት እምብዛም የማይበልጥ ብሎን ነው። ከሣጥኗ አጠገብ ደግሞ ከመኻሉ የተቆረጠ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው የከባድ መኪና ብሎን ተቀምጧል።

ጎማ የሚያስለጥፍ ሹፌር ሻዩን እየጠጣ ወደ መደርደሪያው ቢመለከት ሁለቱ ብሎኖች ምን እንዳገናኛቸው ሊገባው አይችልም። ትንሹ የተሠራው የአደን ጠመንጃ መነጽር ለመያዝ ነው፤ ትልቁ የተሠራው አርባ ቶን ጭነት የሚጎተትበትን ጎማ ለመያዝ ነው። ሁለቱንም ያገናኛቸው የአሥር አለቃው ዕድሜ ነው።

አሥር አለቃው በ1975 ዓ.ም. ገና በሃያ ዓመቱ ሠራዊቱን ተቀላቅሎ በመሣሪያ ጥገና ክፍል ውስጥ ሠለጠነ። እጁ ፈጣን ስለ ነበረ ክላሽንኮቭ ፈትቶ፣ ጠርጎ፣ ቀብቶ ለመገጣጠም ጨለማም አያግደውም ነበር። ነገር ግን በእጁ ያለፉት መሣሪያዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ማነጣጠሪያቸው ከብረቱ ጋር አንድ አካል የሆነ ነው። የጥንቱ ውጅግራም ሆነ የኋለኛው ክላሽ የሚያነጣጥረው በአፈሙዙ ጫፍ ባለች ጉብታና ወደ ዐይን በቀረበች ስንጥቅ ነው። ተኳሹ ሁለቱን ከዒላማው ጋር ያስተካክላል፤ የሚላላ ብሎን የለም፤ ስሕተቱም የብረቱ ሳይሆን የዐይኑና የትንፋሹ ነው። በሶቭየት ኅብረት የተሠራው የአልሞ ተኳሾች ጠመንጃ ድራጉኖቭ እንኳ መነጽሩን የሚይዘው በጎኑ ባለ ሐዲድ ላይ በሚቆለፍ ክንድ ነው። አንድ ጊዜ ክንዱ ከተቆለፈ ሥራው አለቀ። ብሎን ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት አሥር አለቃውን የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እሱም ራሱን አልጠየቀም።

በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን እንደ ብዙ ሺህ ጓደኞቹ ባዶ እጁን ቀረ። ጥቂት ዓመት የቀን ሥራ ሠራ፤ በኋላም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የመሣሪያ ዕውቀቱን የሰማ ሰው ከአዋሽ ማዶ፣ ከጨርጨር ተራሮች ግርጌ ወዳለ የአደን ሰፈር ወሰደው። ወደዚያ የሚመጡት አዳኞች ከመንግሥት ፈቃድ አውጥተው፣ ለአንድ የተፈቀደ እንስሳ ብዙ ገንዘብ ከፍለው፣ የገዛ ጠመንጃቸውን ይዘው ከውጭ አገር የሚመጡ ነበሩ። ጠመንጃዎቹም ሁሉ በጀርባቸው ላይ መነጽር የተሸከሙ ናቸው።

የእንዲህ ያለው መነጽር አያያዝ ሲያዩት ቀላል ነው። በጠመንጃው ጀርባ ላይ መቀመጫ በብሎን ይታሰራል፤ በመቀመጫው ላይ ሁለት ቀለበቶች ይቆማሉ፤ የመነጽሩ ቱቦ በቀለበቶቹ ውስጥ ተኝቶ የላይኛው ግማሽ ቀለበት ከላዩ በትናንሽ ብሎኖች ይከደናል። ዐይን በመነጽሩ ሲመለከት የሚያየው ቀጭን መስቀል ነው፤ ጥይቱ የሚሄደው ግን መስቀሉ ወደሚያሳየው ሳይሆን አፈሙዙ ወደሚያመለክተው ነው። ሁለቱ የሚስማሙት ብሎኖቹ እስከያዟቸው ድረስ ብቻ ነው። በሁለቱ ቀለበቶች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢኖርና የኋለኛው ቀለበት የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል፣ ማለት የወረቀት ውፍረት ያህል ቢንሸራተት፣ ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር፣ በ200 ሜትር ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ይስታል። ጠመንጃው ደግሞ በተተኮሰ ቁጥር ይራገጣል፤ እያንዳንዱ ርግጫ ለላላ ብሎን እንደ መዶሻ ምት ነው።

አሥር አለቃው ይህን ሁሉ ያወቀው ዘግይቶ ነው። በሰፈሩ ውስጥ በሁለተኛው ወሩ አንድ አዳኝ መነጽሩን አስፈትቶ እንደ ገና እንዲያስገጥም ሰጠው። ዕቃው ውድ ነው፤ ብሎኖቹ ደቃቅ ናቸው። አሥር አለቃው የሰው ንብረት እንዳይሰበርበት ሠጋ። ካቻቢቴውን በሁለት ጣቱ ይዞ ብሎኑ ዳር እንደ ነካ አቆመ። ጠመንጃው ሦስት ጥይት ተተኩሶ ተፈተነና ዒላማውን መታ፤ አዳኙም አመሰገነው። ከዚያ በኋላ ጠመንጃው ለሁለት ቀን በመኪና ወለል ላይ ሆኖ በድንጋያማ መንገድ ተንገጫገጨ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ከቁጥቋጦው ጥግ ብቅ አለ። ቀንዱ ሦስት ጊዜ ያህል ተጠምዝዞ ወደ ላይ የወጣ፣ በጎኑ ላይ ነጫጭ ሰረዞች የወረዱበት ነበር። አዳኙ በ200 ሜትር ገደማ ተንበርክኮ፣ ጠመንጃውን በእንጨት ላይ አስደግፎ፣ ትንፋሹን ይዞ ምላጩን ሳበ። አጋዘኑ ዘለለ፤ ግን አልወደቀም። ጥይቱ ከደረቱ አልፎ ሆዱን መትቶት ነበር።

ቀኑን ሙሉ ደሙን እየተከተሉ ሄዱ። መጀመሪያ ላይ ደሙ በሣሩ ላይ በግልጽ ይታይ ነበር፤ ቀትር ላይ ጠብታ ብቻ ሆነ፤ ከሰዓት በኋላ በድንጋዩ ላይ ጠፋ። ዱካ አንባቢው በጉልበቱ እየዳኸ ፈለገው። መሸ። ሰዎቹ በእሳት ዳር ሲያድሩ የተናገረ አልነበረም። ሊነጋ ሲል የጅብ ድምፅ ተሰማ፤ ዱካ አንባቢውም ተነሥቶ በድምፁ አቅጣጫ መራቸው። አጋዘኑ በአንድ ግራር ሥር ተንበርክኮ አገኙት። ነፍሱ አልወጣችም ነበር። ዐይኑ ክፍት ነው፤ ወደ እነሱ ይመለከታል። የሰፈሩ ኃላፊ የነበረው ሽማግሌ አዳኝ መነጽር በሌለው በገዛ ጠመንጃው ከቅርብ ተኩሶ ገላገለው። ከዚያም የእንግዳውን ጠመንጃ ተቀብሎ መነጽሩን በእጁ ነቅነቅ አደረገ፤ የኋለኛው ቀለበት ተንቀሳቀሰ። ሽማግሌው ምንም አላለም፤ ወደ አሥር አለቃው አንድ ጊዜ ብቻ ተመለከተ።

ያ አመለካከት ሰውየውን ከስድብ ይልቅ ከነከነው። ስለዚህ ሌላ እንግዳ መጥቶ ሌላ መነጽር በተሰጠው ጊዜ ዳግመኛ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደርስ ቆረጠ። ብሎኖቹን በዘይት አርሶ፣ ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ የክንዱ ጅማት እስኪገታተር ድረስ አጠበቃቸው። አንዱ ብሎን ራሱ ተላጠ። ቢሆንም ከዚህ በኋላ ማንም ሊያላላው አይችልም ብሎ ደስ አለው። እንግዳው ዒላማውን ለማስተካከል የመነጽሩን ቁጥር ሲያዞር ግን መስቀሉ ከቦታው አልነቃነቅ አለ። ቀለበቶቹ ሲፈቱ በቱቦው ላይ የቀለበት ቅርጽ ያለው ስርጉድ ታየ። ቱቦው ተጨፍልቆ በውስጡ ያለውን ማስተካከያ አንቆት ነበር። የመነጽሩ ዋጋ ከአሥር አለቃው የአንድ ዓመት ደመወዝ ይበልጣል፤ በየወሩ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲከፈል ተወሰነ።

ሽማግሌው በዚያን ዕለት ማታ አስጠርቶት የተናገረው ቃል እስከ ዛሬ ከአሥር አለቃው አፍ አይጠፋም። «መጀመሪያ እንዳይሰበር ፈርተህ አላላህ። ቀጥሎ እንዳይላላ ፈርተህ ሰበርህ። ሁለቱንም ጊዜ ብሎኑን ያጠበቀው ፍርሃትህ ነው። እጅህ ግን አንድ ቀን እንኳ አልሠራም» አለው። ከሻንጣውም አጭሩን፣ ቁጥር የተጻፈበትን ካቻቢቴ አወጣ። ይህ መሣሪያ ጥብቀት የሚለካ ነው። የተፈለገው ቁጥር ላይ ተሞልቶ ብሎኑ ሲጠመዘዝ፣ ልኩ እንደ ደረሰ ቀጭ ይላል።

የቀለበቱ ብሎን ልክ ለብዙዎቹ መነጽሮች 2 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ይህም 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ክንድ ጫፍ ላይ የሁለት ኪሎ ክብደት ቢንጠለጠል የሚያሳድረው ኃይል ነው። የጎልማሳ ሰው እጅ ካቻቢቴ ጨብጦ የዚህን እጥፍ ሳይታወቀው ያልፋል። ሽማግሌው ሥርዐቱን በሙሉ አስተማረው። የብሎኑ ጥርስ ከቅባትና ከአቧራ ይጸዳል። መነጽሩ በቀለበቱ ውስጥ ያለ ግድድር መተኛቱ ይታያል። ብሎኖቹ ሁሉ መጀመሪያ በጣት ይገባሉ፤ ከዚያም ከአንዱ ወደ ፊት ለፊቱ እየተዛወሩ ጥቂት በጥቂት ይጠመዘዛሉ፤ በግራና በቀኝ ያለው የቀለበት ክፍተት እኩል መሆን አለበት። መጨረሻ ላይ መለኪያው ይናገራል። መለኪያው ከተናገረ በኋላ እጅ አይጨምርም።

በዚህ ቀላል በሚመስል ሥርዐት ውስጥ ሊታወቅ የሚገባው ዕውቀት አለ። ብዙ ሰው ብሎን ሁለት ነገሮችን እንደ ምስማር ወግቶ የሚይዝ ይመስለዋል። ብሎን ግን የሚይዘው እንደ ተለጠጠ ጅማት ነው። ሲጠመዘዝ በጥቂቱ ይሳባል፤ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ በሚያደርገው ትግል ነው ሁለቱን ብረቶች አጣብቆ የሚይዛቸው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 እንዳስረዳው የተለጠጠ ነገር ርዝመት የሚጨምረው በሳበው ኃይል መጠን ነው፤ ይህ ግን ወሰን አለው። ከወሰኑ በታች የቀረ ብሎን ጉልበት ስለሌለው ንቅናቄ ይፈታዋል። ከወሰኑ ያለፈ ብሎን ተመልሶ የማይሰበሰብ፣ የሞተ ጅማት ይሆናል፤ ወይም ይበጠሳል። በዚህም ላይ መፍቻውን ከሚያዞረው ኃይል ግማሽ ያህሉ ከብሎኑ ራስ ሥር ባለው ሰበቃ፣ ከ100 እጅ 40 ያህሉ ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ባለው ሰበቃ ያልቃል። ብሎኑን ለመሳብ የሚተርፈው ከ100 እጅ 10 ገደማ ብቻ ነው። ጥርሱ ዘይት ከጠጣ ሰበቃው ይቀንስና ያው የእጅ ኃይል ብሎኑን ከታሰበው በላይ ይስበዋል። አሥር አለቃው ብሎኖቹን በዘይት ባራሰ ጊዜ ጥፋቱን በእጥፍ ያሳደገው ሳያውቅ ነበር።

ክራር የሚመታ ሰው ይህን ነገር ከመካኒክ ቀድሞ ያውቀዋል። ክሩን ሲያጠብቅ ጆሮውን ወደ ክሩ ያዘነብላል። የላላ ክር ያጉረመርማል እንጂ አይዘፍንም፤ ከልኩ ያለፈ ክር ይበጠሳል። ቅኝቱ ያለው በሁለቱ መካከል ባለች ጠባብ ስፍራ ነው። ከበሮም ቆዳው ሲወጠር እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ክሩ ለባለቤቱ ድምፅ የሚሰጥ ሲሆን ብሎኑ ግን ዝም የሚል መሆኑ ነው። ልቅም ሆነ ጥብቅ፣ ከውጭ ሲታይ መልኩ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 በኒው ዮርክ ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ኮንራድ ባር ጥብቀት የሚለካ መፍቻ የሠራው የቧንቧ መስመር ብሎኖች ከመጠን በላይ እንዳይጠብቁ ለማድረግ ነበር። ዝም ለሚለው ብረት አንደበት ሠራለት ማለት ይቻላል።

አሥር አለቃው ዕዳውን ከፍሎ ሲጨርስ ሽማግሌው አዳኝ ካቻቢቴውን ሸለመው። ሰፈሩ ከተዘጋ በኋላ ወደ ወለንጪቲ መጥቶ ጎሚስታ ሆነ። አሁን የሚያጠብቀው ደቃቅ ብሎን አይደለም፤ የከባድ መኪና ጎማ ዳዶ ነው። ብዙዎቹ ከባድ መኪኖች በአንድ ጎማ ላይ አሥር ዳዶ አላቸው፤ የእያንዳንዱም ልክ ወደ 600 ኒውተን ሜትር ይጠጋል፤ የመነጽሩን ብሎን 300 ጊዜ ያህል ማለት ነው። ቁጥሩ ተለወጠ እንጂ ሕጉ አልተለወጠም። የላላ ዳዶ ጎማውን በቸርኬው ላይ ያንቀጠቅጠዋል፤ ቀዳዳው ይበላል፤ ብሎኑ ይደክማል፤ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ጎማው ከመኪናው ቀድሞ ይሄዳል። ጎማው ወዴት እንደሚሄድ፣ በመንገዱ ዳር ማን ቆሞ እንደሚጠብቀው ግን የሚያውቅ የለም። ከልኩ ያለፈ ዳዶም ብሎኑን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። አንዱ ሲቆረጥ ሸክሙ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል፤ ጎረቤቱም ይከተላል።

መጀመሪያ ላይ ጥብቀት የሚለካ ትልቅ መፍቻ ለመግዛት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ በመፍቻው ጭራ ላይ በሚሰካው ብረት ላይ ከዳዶው መኻል አንድ ሜትር ለክቶ ቀይ ቀለም ቀባ። 600 ኒውተን ሜትር ማለት በአንድ ሜትር ብረት ጫፍ ላይ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲንጠለጠል የሚገኘው ኃይል ነውና ረዳት አድርጎ የቀጠረውን ልጅ ወፍጮ ቤት ወስዶ አስመዘነው። ልጁ 60 ኪሎ ሞላ። «እንግዲህ ሚዛኑ አንተ ነህ። ብረቱ አግድም ሲሆን ቀዩ ምልክት ላይ ቀስ ብለህ ተንጠልጠል፤ አትዝለል። ክብደትህ የሚበቃውን ያህል ያጠብቃል፤ ካንተ የሚጠበቀው መጨመር ሳይሆን አለመጨመር ነው» አለው።

ልጁ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነው፤ አለመጨመር ደግሞ ለጎረምሳ ከባድ ትእዛዝ ነው። በመንገዱ ዳር ባሉት ጎሚስታ ቤቶች የረዳት ጉብዝና የሚለካው ረጅም ቱቦ በመፍቻው ላይ ሰክቶ፣ በቱቦው ጫፍ ላይ ዘሎ በመቆሙ ነው። ሹፌሮችም ይህን ሲያዩ «ጎበዝ!» ይላሉ፤ ጉርሻም ይሰጣሉ። አንድ ቀን አሥር አለቃው ዘወር ባለበት ልጁ ሁለት ሜትር ቱቦ ሰክቶ ዘለለ። ብሎኑ እንደ ጥይት ጮኾ ተቆረጠ፤ ልጁም ከነቱቦው መሬት ላይ ወደቀ። አሥር አለቃው መጥቶ አነሣው፤ አልተቆጣውም። ለሹፌሩ አዲስ ብሎን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ገጠመለት፤ የተቆረጠውንም ጠርጎ ከሣጥኗ አጠገብ አስቀመጠው። በዚያ ሳምንት ማታ ማታ የአጋዘኑን ታሪክ መጀመሪያ ጊዜ ለልጁ ነገረው። ታሪኩን ሲጨርስ «እኔን ያሳሳተኝ ፍርሃት ነበር፤ አንተን ኩራት ነው። ሹፌሩን ደግሞ ችኮላ ያሳስተዋል። ልክ ማለት ለሦስቱም የማይታዘዝ ዳኛ ነው» አለው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አሥር አለቃው ጥብቀት የሚለካውን ትልቁን መፍቻ ገዛ። ሹፌሮች ብዙውን ጊዜ ይስቁበታል። ልጁ መፍቻውን ያዘና ቀጭ ሲል ያቆማል፤ ቱቦ የለም፤ ዝላይ የለም፤ ጩኸት የለም። ይህ ሥራ ነው ብሎ ገንዘብ ለመክፈል የሚያመነታም አለ። ሰው ባየው ላብ መጠን መክፈል ለምዶአልና።

ከዕለታት አንድ ቀን አሥር አለቃው ለቅሶ ሄዶ ልጁ ብቻውን ነበር። ሊመሽ ሲል ቡና የጫነ ባለ ተሳቢ መኪና መጥቶ ቆመ፤ ከተሳቢው ጎማዎች አንዱ ተንፍሷል። ሹፌሩ ወደብ የሚደርስበት ቀን ተቆርጦበታል። «ወንድሜ፣ በሞቴ ቶሎ በል፤ ሌሊቱን አዋሽን መሻገር አለብኝ» አለው። ልጁ ጎማውን አውጥቶ ለጠፈ። መልሶ ሊገጥም ሲል ግን ቸርኬው ከታምቡሩ ጋር የሚገናኝበት ፊት ላይ የተላጠ ቀለምና የደረቀ ጭቃ አየ። በዚያ ላይ ቢታሰር ዳዶው ዛሬ ልኩን ይይዛል፤ ቀለሙና ጭቃው ነገ ተፈርፍሮ ሲወድቅ ግን ጥብቀቱ አብሮ ይወድቃል። የሽቦ ብሩሹን አንሥቶ መጥረግ ጀመረ።

«ምን እየሠራህ ነው? ጎማ ነው ያልሁህ፤ ጌጥ አይደለም! እሰረውና ልሂድ» አለ ሹፌሩ። የመኪናው ረዳትም ቱቦውን አምጥቶ አቀበለው። «በዚህ አንድ ጊዜ ብትዘልበት ይበቃል፤ እኛ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው የምናደርገው» አለው። ልጁ ቱቦውን ተቀበለ፤ ለአፍታም በእጁ ያዘው። ሹፌሩ ጉርሻ የሚሆን ብር ከኪሱ አውጥቷል። የሚያይ ጌታ የለም፤ የሚቆጣም የለም። ሁለት ደቂቃ በቂ ነበር። ልጁ ግን ቱቦውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወደ ብሩሹ ተመለሰ። ብረቱ ነጭ እስኪሆን ጠረገ፤ ዳዶዎቹን በእጁ አስገባ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ፊት ለፊት እያዛወረ ጥቂት በጥቂት ሳባቸው። ከዚያም መለኪያውን አንሥቶ አሥር ጊዜ ቀጭ አሰኘ። ሲጨርስ «መተሐራ ሲደርሱ አቁመው ዳዶዎቹን እንደ ገና ያስፈትሹ፤ አዲስ የታሰረ ጎማ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ ትንሽ ይላላል» አለ። ከወለንጪቲ እስከ መተሐራ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሹፌሩ መልስ አልሰጠም። የለጠፈበትን ብቻ ከፍሎ፣ ጉርሻውን ወደ ኪሱ መልሶ፣ በሩን ዘግቶ ሄደ።

ልጁ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። በልክ የሠራ ሰው የሚተኛ ይመስለው ነበር፤ ሆኖም የመኪናው ቀይ መብራት በጨለማው ውስጥ እየራቀ ሲሄድ በሐሳቡ ይመላለስ ነበር። የብሎን ሠሪ ዕጣ ይኸው ነው። ሥራው ከእጁ ወጥቶ ከማያየው ቦታ፣ ከማያውቀው ሰው ሕይወት ጋር ይሄዳል። የሸማኔ ጥበብ በለባሹ ላይ ይታያል፤ የሠዓሊ ሥራ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በልኩ የታሰረ ዳዶ ግን የሚታወቀው ምንም ነገር ሳይሆን በመቅረቱ ነው። ምንም ነገር ያልሆነበትን ቀን ደግሞ ቆጥሮ የሚያመሰግን የለም።

በስድስተኛው ቀን ያ መኪና ከጅቡቲ ሲመለስ በጎሚስታ ቤቱ ፊት ለፊት ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ አሥር አለቃውን ሰላም አለ። መተሐራ ላይ ሳይወድ መቆሙን፣ ከአሥሩ ዳዶዎች ሁለቱ በእርግጥ ጥቂት መላላታቸውን፣ በዚያው አጥብቆ ማለፉን ነገረው። ስለ ጉርሻው አላነሣም፤ ነገር ግን አንድ ከረጢት ቴምር አውጥቶ በልጁ እጅ ላይ አስቀመጠ። «ሌላውንም የተሳቢ ጎማ በዚያው በመለኪያህ እይልኝ» አለው። ልጁ ቴምሩን ወደ ጎን አኑሮ ብሩሹን አነሣ።

ማታ ቤቱ ሲዘጋ አሥር አለቃው ሣጥኗን ከመደርደሪያው አውርዶ ከፈታት። ትንሹን ካቻቢቴ አውጥቶ ለልጁ አቀበለው። ልጁ በሁለት ጣቱ ይዞ አዞረው፤ ቀጭ አለ። ድምፁ ከትልቁ መፍቻ ድምፅ ጋር አንድ ዓይነት ነበር፤ ከመቅጠኑ በቀር።

«ጋሼ፣ ያ አጋዘን ግን…» ብሎ ልጁ ጀመረና አቋረጠ።

«አዎን፤ እሱ አልተመለሰም» አለ አሥር አለቃው። የተላጠውን ብሎን በጨርቁ መልሶ ጠቀለለ። ከውጭ ነፋሱ አቧራውን እየነዳ፣ ወደ ባሕር የሚወርዱት መኪኖች መብራታቸውን አብርተው በወለንጪቲ መኻል ያልፉ ነበር።